ሽልማት፣ አምሮትና ሱስ፤ ከእንስሳት ምርምር ለክፍል ትምህርት የሚሆን ማብራሪያ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚደረስባት ሆለታ በጦር ትምህርት ቤቷ ብቻ ሳይሆን በግብርና ምርምርዋም የታወቀች ከተማ ናት። በግብርና ምርምር ማዕከሏ የቦረና ከብት ከፍሪዥያንና ከጀርሲ ዝርያ ጋር እየተዳቀለ የወተት ምርቱና የመኖ አጠቃቀሙ ሲጠና ኖሯል፤ በንብ ምርምር ማዕከሏ ደግሞ የአገሪቱ ንቦች ጠባይ፣ ንቦች የሚቀስሟቸው ዕፀዋትና የቀፎ አያያዝ ይመረመራሉ። ሁለቱም ሥራዎች የተጀመሩት ገበሬውን ለመጥቀም እንጂ የአንጎልን አሠራር ለማጥናት አልነበረም። ይሁን እንጂ ሁለቱም በየዕለቱ የሚገጥማቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም እንስሳ አንድን ነገር የሚፈልገው ለምንድን ነው፣ የሚበቃውስ መቼ ነው የሚለው ነው።

በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚያስተምሩ መምህራን ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መልኩ ያውቁታል። ለፈተና ሲዘጋጅ ጫት የጀመረና ፈተናው ካለፈ በኋላም መተው ያቃተው ተማሪ በየትምህርት ቤቱ አለ። ስለዚህ ተማሪ በክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ማብራሪያ ይሰጣል። አንደኛው ሱስ የጠባይ ብልሹነት ነው የሚለው የቆየ አነጋገር ነው። ሁለተኛው በቅርብ ዓመታት የተስፋፋው፣ ዶፓሚን የሚባል «የደስታ ቅመም» በአንጎል ውስጥ ስለሚረጭ ሰው ደስታን ፍለጋ ሱሰኛ ይሆናል የሚለው ነው። የመጀመሪያው ተማሪውን ያሳፍራል እንጂ አያስተምርም፤ ሁለተኛው ሳይንስ ቢመስልም እንስሳት ላይ የተደረገው ምርምር ካሳየው ጋር አይስማማም። ከዚህ በታች የቀረበው ማብራሪያ ምርምሩ በእርግጥ ምን እንዳሳየ ለመምህራንና ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ለማስረዳት የታሰበ ነው። ዓ.ም. ተብሎ ካልተለየ በቀር ዓመታቱ የተቆጠሩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከንብ መጀመር ይበጃል። የንብ አንጎል ከሰናፍጭ ፍሬ ባይበልጥም አንድ ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉት። የተራበች ንብ አንቴናዋን በስኳር ውሃ ቢነኳት ወዲያውኑ ምላሷን ትዘረጋለች። ይህ ከልደት የሚገኝ ግብረ መልስ ነው፤ መማር አያስፈልገውም። አንድን ሽታ አስቀድሞ አሽትቶ ወዲያው ስኳሩን ማስከተል ግን ሌላ ነገር ያመጣል። ጥቂት ጊዜ ብቻ ከተደጋገመ በኋላ ንቧ ስኳር ሳይቀርብላት ሽታው ብቻ ሲደርሳት ምላሷን ትዘረጋለች። ሽታው ለምግቡ መልእክተኛ ሆኗል ማለት ነው። ላሚቱ የባልዲውን ኮሽታ ሰምታ ወደ ግርግሙ የምትዞረው፣ ሕፃኑም የጣፋጩ መጠቅለያ ሲንሿሿ የሚነቃው በዚሁ ዓይነት መማር ነው።

ይህ መማር በአንጎል ውስጥ በየት በኩል እንደሚያልፍ ያሳየው ማርቲን ሐመር የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው ጥናት በንብ ራስ ውስጥ የምትገኝ አንዲት የነርቭ ሕዋስ ስኳር ሲቀመስ እንደምትነቃ አረጋገጠ። ከዚያም ለንቧ ምንም ስኳር ሳይሰጥ፣ ሽታውን አሽትቶ ሕዋሷን ብቻ በመጠነኛ ኤሌክትሪክ ቀሰቀሳት። ንቧም ስኳር እንደተሰጣት ሁሉ ሽታውን ተማረች። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ሕዋሷ አስቀድማ ስትቀሰቀስና ሽታው ሲከተል ግን መማር አልታየም። በነፍሳት አንጎል ውስጥ ይህን መልእክት የሚያስተላልፈው ቅመም ኦክቶፓሚን ይባላል፤ የጡት አጥቢዎቹ ዶፓሚን የቅርብ ዘመዱ ነው።

ከዚህ ሙከራ መምህሩ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። «ሽልማት» ሲባል በተራው አነጋገር ለመልካም ሥራ የሚሰጥ ስጦታ ነው። በዚህ ምርምር ግን ሽልማት ማለት አንድ እንስሳ ያደረገውን ነገር ደግሞ እንዲያደርግ፣ ያየውንም ምልክት እንዳይረሳ የሚያደርግ ማናቸውም ውጤት ነው። ንቧ ደስ ይላት እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም፤ ሊጠይቃትም አይችልም። የተለካው ምላስ መዘርጋቷ ነው። ቃሉ በክፍል ውስጥ ሲገባ ይህ ልዩነት ካልተብራራ ተማሪው ሽልማትን ከደስታ ጋር አንድ አድርጎ ይይዘዋል፤ ኋላ የሚመጣው ስሕተት ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

በጡት አጥቢዎች ላይ የዚህ ምርምር በር የተከፈተው በአጋጣሚ ነበር። በካናዳ ሞንትሪያል በሚገኘው የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር በአይጥ አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብተው ስለ ንቃትና ስለ መማር ሲመረምሩ፣ የአንዷ አይጥ ሽቦ ካሰቡት ቦታ ስቶ ሌላ ስፍራ አረፈ። ይህች አይጥ መጠነኛ ኤሌክትሪክ ወደ ተሰጠችበት ጥግ እየተመላለሰች ትሄድ ጀመር። ተመራማሪዎቹ ስሕተቱን እንደ ስሕተት አልጣሉትም፤ አይጦች ራሳቸው ማንሻ እየተጫኑ ኤሌክትሪኩን እንዲያገኙ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1954 የታተመው ጽሑፋቸው ውጤቱን ለዓለም አሰማ። ኋላ በተደረጉ ሙከራዎች ሽቦው በተስማሚው ቦታ ሲያርፍ በሰዓት ከሺህ ጊዜ በላይ ማንሻውን የተጫኑ አይጦች ታይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣ ጥናት ደግሞ ምግብና ኤሌክትሪክ በተወሰነ ሰዓት ጎን ለጎን የቀረበላቸው አንዳንድ አይጦች ምግቡን ትተው እስከ መራብ ደርሰዋል።

ጋዜጦች ይህን «የደስታ ማዕከል ተገኘ» ብለው አወሩት፤ ኦልድስ ራሱም ይህን መሰል ቃል ተጠቅሟል። ከዚያ ወዲህ በአካባቢው የሚያልፉት ነርቮች ዋነኛ መልእክተኛ ዶፓሚን መሆኑ ሲታወቅ «ዶፓሚን ደስታ ነው» የሚለው አነጋገር ተከተለ። ይህን አነጋገር የፈተኑት ሁለት የሙከራ ዘርፎች ናቸው።

የመጀመሪያው በስዊዘርላንድ ቮልፍራም ሹልትስ በዝንጀሮዎች ላይ ያደረገው ነው። የፍራፍሬ ጭማቂ ጠብታ ለዝንጀሮው በድንገት ሲሰጠው የዶፓሚን ሕዋሳቱ ይነቃሉ። ከጭማቂው በፊት መብራት እየበራ ሲደጋገም ግን ሕዋሳቱ ለጭማቂው መንቃት ይተዉና ለመብራቱ ይነቃሉ። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ሲቀር ደግሞ ጭማቂው ይመጣበት በነበረው ቅጽበት ከተለመደው በታች ይዳከማሉ። ሹልትስ ከሁለት የሒሳብ ሊቃውንት ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጽሑፍ እንደተብራራው፣ እነዚህ ሕዋሳት የሚናገሩት የተገኘው ከተጠበቀው ምን ያህል እንደበለጠ ወይም እንዳነሰ ነው። ጭማቂው እንደ ቀድሞው ጣፋጭ ነው፤ የተለወጠው የዝንጀሮው ግምት ነው።

ሁለተኛው በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኬንት ቤሪጅና ቴሪ ሮቢንሰን ያደረጉት ነው። አይጥ ጣፋጭ ስትቀምስ ከንፈሯን ትልሳለች፤ መራራ ስትቀምስ አፏን ትከፍታለች፣ ራሷን ታራግፋለች። ይህ የፊት ምልክት በሕፃናት ላይም ይታያል። ተመራማሪዎቹ የአይጦቹን ዶፓሚን ከሞላ ጎደል አጠፉት። አይጦቹ ወደ ምግብ አልሄዱም፤ ካልተመገቡም ይሞታሉ። ጣፋጩ በአፋቸው ውስጥ ሲጨመርላቸው ግን እንደ ጤነኛው ሁሉ ከንፈራቸውን ላሱ። ጣዕሙ አልጠፋም፤ የጠፋው ወደ ጣዕሙ የሚነዳው ኃይል ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ መምህሩን የሚረዳ ሀብት አለው። ጣዕም፣ አምሮት፣ ሐራራና ሱስ አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ሕዝቡም አያደባልቃቸውም። ጣዕም አፍ ውስጥ ያለው ነው። አምሮት የሌለውን ነገር መቋመጥ ነው፤ ነፍሰ ጡር ያማራትን ነገር ስታገኘው አንድ ጉርሻ ቀምሳ ልትተወው ትችላለች። ሐራራ የለመዱት ነገር ሲቀር የሚመጣው መቁነጥነጥ ነው፤ ቡናው የዘገየበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሱስ እነዚህ ሁሉ ተደራርበው ልማዱ ከሰውየው በላይ ሲሆን ነው። ዶፓሚን ይበልጥ የሚዛመደው ከጣዕም ጋር ሳይሆን ከአምሮት ጋር ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረቡት ሐሳብም ይኸው ነው፤ ሱስ አስያዥ ነገር በተደጋገመ ቁጥር አምሮቱ እየበረታ ሲሄድ፣ ደስታው ግን ባለበት ሊቆም ወይም ሊቀንስ ይችላል። «ደስ አይለኝም፣ ግን መተው አልቻልኩም» የሚል ሰው ውሸት እየተናገረ አይደለም ማለት ነው።

ስለ መብላትና ስለ መጥገብ የተደረገው ምርምር በሌላ መንገድ ተጉዞ ኋላ ከዚህ ጋር ተገናኘ። እ.ኤ.አ. በ1940 ሄዘሪንግተንና ራንሰን በአንጎል ሥር የሚገኘውን ሃይፖታላመስ በመሐል በኩል ሲጎዱ አይጦቹ ከልክ በላይ ወፈሩ። በ1951 ደግሞ ሕንዳዊው አናንድና አሜሪካዊው ብሮቤክ የሃይፖታላመስን ጎንና ጎን ሲጎዱ አይጦቹ መብላት አቆሙ። ስለዚህ አንዱ «የመጥገብ»፣ ሌላው «የመራብ» ማዕከል ተባለ፤ ይህም ለብዙ ዓመታት በመማሪያ መጻሕፍት ተጽፎ ኖረ። ይሁን እንጂ ስዊድናዊው ኡንገርስቴት በ1971 እንዳሳየው፣ የሃይፖታላመሱ ጎን ሳይነካ የዶፓሚን ነርቮች ብቻ ሲጠፉም እንስሳው መብላትና መጠጣት ያቆማል። ጎኑ ሲጎዳ አብረው የሚቆረጡት በዚያ የሚያልፉት እነዚሁ ነርቮች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ከስብ ሕዋሳት የሚመነጭ ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን አገኙ። የሰውነት ስብ ራሱ ምን ያህል እንደተከማቸ ለአንጎል የሚያስታውቅበት መንገድ አለው ማለት ነው። ይህ ሆርሞን የሌላቸው አይጦች ያለ ልክ ይበላሉ፤ ሲሰጣቸው ይቀንሳሉ። ሌፕቲን በዶፓሚን ነርቮች ላይም እንደሚሠራ ቆይቶ ታውቋል።

የሆለታ አካባቢ ወተት አምራች ይህን በበረቱ ያየዋል። ላም ገለባና ድርቆሽ ብቻ ስትመገብ የሚያቆማት ብዙውን ጊዜ የጨጓራዋ መሙላት ነው፤ ኃይል ሳይበቃት ቦታ ይሞላባታል። ፋጉሎና ፉርሽካ ሲታከልላት ጨጓራዋ ሳይሞላ የሚያስፈልጋትን ታገኛለች። የመኖ ተመራማሪ የቀረበውን መዝኖ፣ በማግስቱ የተረፈውን መዝኖ፣ ልዩነቱን በመቀነስ የተበላውን ያውቃል፤ ይህ ቀላል የሒሳብ ሥራ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪም የሚሆን ነው። በሌላ በኩል ከገመድ አምልጣ የእህል ጎተራ ያገኘች ላም ያለ ልክ ትበላለች። የእህሉ ስታርች በጨጓራዋ ውስጥ በፍጥነት እየፈላ ወደ አሲድ ይለወጥና ያሳምማታል፤ ሊገድላትም ይችላል። ጣዕሙ ወዲያው ይታወቃል፤ ጉዳቱ ግን የሚገለጠው ከሰዓታት በኋላ ነው። ላሚቱ ሱሰኛ አይደለችም፤ ጎተራ በሌለበት ዓለም የተዘጋጀ ሰውነት ይዛ ጎተራ ያገኘች እንስሳ ናት። ከልክ ያለፈ መብላት ሁሉ ሱስ አለመሆኑን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ጨው ደግሞ ሌላውን ገጽ ያሳያል። ከብት ወደ ሆራ የሚነዳው፣ አሞሌ የሚያልሰው ሰውነቱ ጨው ሲሻ ነው። ከርት ሪክተር እ.ኤ.አ. በ1936 እንዳሳየው፣ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢያቸው የወጣላቸው አይጦች ሰውነታቸው ጨው መያዝ ስለማይችል ይሞታሉ፤ የጨው ውሃ ሲቀርብላቸው ግን ማንም ሳያስተምራቸው አብዝተው እየጠጡ በሕይወት ቆዩ። አምሮት በራሱ ጠላት አይደለም፤ እንስሳን በሕይወት ያኖረው እርሱ ነው።

ፋብሪካ የሚያመርታቸው ጣፋጭና ቅባታም ምግቦች ከጎተራው ጋር የሚመሳሰሉ ናቸው። አንቶኒ ስክላፋኒ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጥናት ለአይጦች ከሱቅ የተገዛ ብስኩት፣ ቸኮላትና ይህን የመሰለ ሁሉ ሲቀርብላቸው ከተለመደው የአይጥ መኖ ይልቅ እጅግ ወፈሩ። በ2010 ጆንሰንና ኬኒ ረዘም ላለ ጊዜ ቅባታምና ጣፋጭ ምግብ እንደ ልብ ያገኙ አይጦች በአንጎላቸው ያለው አንድ ዓይነት የዶፓሚን ተቀባይ መቀነሱን፣ ቅጣት የሚያስከትል ምልክት ቢበራም መብላታቸውን አለማቆማቸውን አሳዩ። የሚቀጣቸው ነገር እያለ መቀጠል የሱስ አንዱ ምልክት ስለሆነ ግኝቱ ብዙ አነጋገረ። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «ስኳር ከአደገኛ ዕፅ አይለይም» ብሎ ማስተማር አይገባም። ምግብ ለመኖር ያስፈልጋል፤ ካቲኖን አያስፈልግም።

ስለ ካቲኖን ሲነሣ ነገሩ ወደ አገር ቤት ይመለሳል። ጫት የሚያነቃቃው በዋናነት በዚህ ቅመም ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአደንዛዥ ዕፅ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1975 ከትኩስ ቅጠል ለይቶ አውጥቶታል። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካቲኖን ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ጫት በኮባ ተጠቅልሎ የሚጓዘው፣ ከአወዳይ የሚነሣው መኪና መንገድ ላይ እንደዚያ የሚከንፈው ስለዚህ ነው፤ ነጋዴው የቅመሙን ስም ባያውቅም ሥራውን ያውቃል። በጄኔቫ ፒተር ካሊክስ በ1980ዎቹ በጥንቸል አንጎል ሥጋ ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች ካቲኖን እንደ አምፌታሚን ሁሉ ዶፓሚን ከነርቭ ጫፍ እንዲለቀቅ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ዝንጀሮዎችም፣ ኋላ ደግሞ አይጦች፣ ማንሻ እየተጫኑ ካቲኖንን በደም ሥራቸው እንደሚወስዱ ታይቷል። እርግጥ ቅጠል አላምጦ መዋጥና በደም ሥር መውሰድ አንድ አይደለም፤ ቅመሙ ወደ አንጎል የሚደርስበት ፍጥነት በዘገየ መጠን የሱሱ ኃይል ይቀንሳል። ይህን መካድም ማጋነንም ለተማሪው አይጠቅምም።

የሚጠቅመው ቅደም ተከተሉን ማወቁ ነው። ምርቃናው ይመጣል፣ ያልፋል፤ እንቅልፍ ይሸሻል፤ አንዳንዱ ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር «ጨብሲ» ይላል፤ በማግስቱ ሐራራው ይከተላል። በሌሊቱ የተነበበው ነገር በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ስለሆነ፣ ለፈተና ሲባል የተከፈለው ዋጋ ፈተናውን ራሱን ይጎዳል። በዚህ ላይ ሹልትስ በዝንጀሮው ያየው መብራት በተማሪው ዙሪያ ሁሉ በርቷል፤ የጓደኛው ቤት፣ የሳምንቱ ቀን፣ የኮባው ሽታ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ያለው ሱቅ። ከትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ጫት መሸጡን ማስቆም የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአንጎል ሳይንስም የሚደግፈው ሥራ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዓ.ም. የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በብሮድካስት እንዳይተላለፍ፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰውም መጠጥ እንዳይሸጥ የከለከለው በዚሁ አቅጣጫ የሚታይ ነው። ለጫት ግን በብዙ ትምህርት ቤቶች ዙሪያ ነገሩ ለርእሰ መምህሩ ትግል የተተወ ይመስላል።

አካባቢ ወሳኝ መሆኑን እንስሳቱም ይመሰክራሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ካናዳዊው ብሩስ አሌክሳንደር ብቻቸውን በጠባብ ሣጥን ያሉ አይጦች፣ በሰፊ ስፍራ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ከሚኖሩት ይልቅ የሞርፊን ውሃ አብዝተው እንደሚጠጡ ገለጸ። ሙከራው ሲደገም ሁልጊዜ እኩል ውጤት ስላልሰጠ ብቻውን ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ግን ይበልጥ የጠራ ነው፤ አደገኛ ዕፅ መውሰድ የለመዱ አይጦች በዕፁና ከሌላ አይጥ ጋር ለጥቂት ጊዜ በመገናኘት መካከል እንዲመርጡ ሲደረግ በአብዛኛው ጓደኛቸውን መረጡ። ሱሰኛ የሆነን ተማሪ ከክፍል፣ ከስፖርት ቡድንና ከክበብ ማባረር በዚህ ማስረጃ ሲመዘን የሚያስከፋ ውሳኔ ነው፤ ከጫቱ ጋር የሚወዳደረውን ብቸኛ ነገር ይወስድበታልና።

ይህን ትምህርት በተግባር ለማሳየት አይጥም ኤሌክትሪክም አያስፈልግም። ካርል ፎን ፍሪሽ የንቦችን ቀለም መለየት ለማረጋገጥ ከ1914 በፊት የተጠቀመበት ዘዴ በማናቸውም የገጠር ትምህርት ቤት ይሠራል። ከቀፎ ራቅ ብሎ፣ ከተማሪ መተላለፊያም ገለል ባለ ስፍራ ጠረጴዛ ይደረጋል። አንድ ሰማያዊና ብዙ ግራጫ የሆኑ ካርቶኖች ይደረደሩበታል፤ በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ሳሕን ይቀመጣል። በሰማያዊው ላይ የስኳር ውሃ፣ በሌሎቹ ላይ ባዶ ውሃ ይጨመራል። ንቦቹ ቦታውን ሳይሆን ቀለሙን እንዲማሩ ሰማያዊው በየጊዜው ይዘዋወራል። ንቦች መመላለስ ከለመዱ በኋላ ካርቶኖቹና ሳሕኖቹ ሁሉ ባልተነኩ አዲሶች ይለወጣሉ፤ አለዚያ ንቦቹ በተዉት ሽታ ተመሩ ወይስ በቀለሙ የሚለው አይለይም። ከዚያም ስኳር ሳይኖር በ5 ደቂቃ ውስጥ በየካርቶኑ ያረፉት ይቆጠራሉ። ማር ንቦችን ለዝርፊያና ለጠብ ስለሚያነሣሣ በስኳር ውሃ ፋንታ መጠቀም አይገባም። የአገራችን ንብ ቁጡ ስለሆነች ተማሪዎች በዝግታ እንዲንቀሳቀሱ፣ ንብ ሲነድፈው ሰውነቱ የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ተማሪም ከሥራው ርቆ ቆጠራውን ብቻ እንዲመዘግብ ማድረግ ያስፈልጋል።

ለዚህ ሙከራ የሚመረጠው ጊዜ አደይ አበባና መጭ ካለፉ በኋላ ያሉት ደረቅ ወራት ናቸው። በመስከረምና በጥቅምት ሜዳው ቢጫ በሆነበት ሰሞን ጠረጴዛው ሙሉ ቀን ቢቆምም አንዲት ንብ ላትመጣ ትችላለች። መምህሩ ያን ጊዜ ሙከራው ከሸፈ ብሎ ሳሕኑን ከማንሣቱ በፊት፣ ንቦቹ የስኳር ውሃውን ለምን እንደናቁት ተማሪዎቹን ቢጠይቅ መልሱ ከጠረጴዛው ባሻገር ባለው ሜዳ ላይ ይታያል።